እርጉዝና አራስ ደረቷን ሲያማት



ስለ እርግዝናና ወሊድ በተነሣ ቁጥር ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ምጥ መርዘምና ስለ ኢንፌክሽን እንነጋገራለን። ይገባልም፤ በአገራችን እናቶችን በብዛት የሚነጥቁን እነዚህ ናቸውና። እኔ ዛሬ የማነሣላችሁ እምብዛም የማይወራለት፣ ሲመጣ ግን ጊዜ የማይሰጥ ሌላ አደጋ ነው። ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቧንቧ በእርግዝና ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ ሊሰፋ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልነግራችሁ የመጣሁትን ከወዲሁ በአጭሩ ላስቀምጠው። ይህ አደጋ በብዙዎቹ ሴቶች ላይ ከመድረሱ በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክቱ በሰውነታቸው ላይ፣ በቤተሰባቸው ታሪክ ውስጥ፣ በሕመሙም አጀማመር ላይ ይገኛል። ጠይቀን፣ ለክተንና አዳምጠን ከተገኘን ልናተርፋቸው የምንችላቸው እናቶች አሉ።

ይህ ቧንቧ በሕክምናው ቋንቋ አኦርታ ይባላል። ከልብ ግራ ክፍል ተነሥቶ ወደ አንገት አቅጣጫ ይወጣል፤ እንደ ቅስት ታጥፎ የጀርባ አጥንትን ተከትሎ ይወርዳል፤ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። አንጎል፣ ኩላሊት፣ አንጀትና ማኅፀን ደማቸውን የሚያገኙት ከዚህ ግንድ ከሚወጡ ቅርንጫፎች ነው። በአንዲት ጤነኛ ሴት ከልብ አጠገብ ያለው ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል።

ግድግዳው ሦስት ሽፋን አለው፤ እንደ ጋቢ ድርብርብ ነው። የውስጠኛው ሽፋን ሲቀደድ በግፊት የሚመጣው ደም በቀዳዳው ይገባና ሽፋኖቹን እየገነጠለ በመካከላቸው ይወርዳል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ አንጎል የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከዘጋ ሴትየዋ አንድ ጎኗ ይዝላል ወይም ራሷን ትስታለች። ወደ እግር የሚሄደውን ከዘጋ እግሯ ይቀዘቅዛል። ወደ ኋላ ወደ ልብ ከተመለሰ ቫልቩን ያበላሻል፤ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ልቡን አፍኖ ያቆመዋል። ስንጥቁ ከልብ በሚወጣው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲሆን ሕክምና ካላገኘ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በእያንዳንዱ ሰዓት ከመቶ ሕመምተኞች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሞታል። ለዚህ መድኃኒቱ አስቸኳይ ቀዶ ጥገና ነው። ስንጥቁ ወደ ታች በሚወርደው ክፍል ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱን በመድኃኒት በፍጥነት በማውረድ ይጀመራል፤ ነገሩ ከተባባሰ ግን በቧንቧው ውስጥ ድጋፍ ማስገባት ወይም ቀዶ ጥገና ይከተላል።

እርግዝና ይህን ቧንቧ ለምን ይፈትነዋል? ነፍሰ ጡር ሴት በሰውነቷ ውስጥ ያለው የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ልቧ በየደቂቃው የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድጋል፤ የልብ ምቷም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ይፈጥናል። በዚሁ ጊዜ መገጣጠሚያዎቿን ለወሊድ የሚያላሉት ሆርሞኖች የአኦርታውንም ግድግዳ ይነኩታል፤ ግድግዳውን እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርጉት ቃጫዎች ይሳሳሉ። ጫናው ሲበረታ ተሸካሚው ይላላል ማለት ነው። በምጥ ጊዜ እያንዳንዱ ቁርጠት ልብንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማኅፀን ሲጨማደድ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ዋናው ዝውውር ይመልሳል። ይህ ሁሉ ለውጥ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሳምንታት ይወስዳል፤ አንዳንዱም ወራት። ስለዚህ አደጋው የሚከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው።

መጠኑንም በትክክል እንወቀው፤ ማጋነንም ማቃለልም እናትን አይጠቅማትምና። እ.ኤ.አ. በ2016 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አቆጣጠር ናቸው) ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ የወለዱ ሴቶችን ተከታትሏል። ከወሊድ በፊት ያሉትን ስድስት ወራትና ከወሊድ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ወስዶ እነዚሁ ሴቶች ከአንድ ዓመት በኋላ ከነበራቸው ተመሳሳይ ጊዜ ጋር አነጻጸረ። የአኦርታ መሰንጠቅ ወይም መፈንዳት በእርግዝናው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን 5.5፣ በሌላው ጊዜ 1.4 ሆኖ ተገኘ፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ ለአብዛኛዋ ነፍሰ ጡር ይህ አደጋ እጅግ ሩቅ ነው። ደረቷን ቃር ያቃጠላት ሴት ሁሉ ልትደነግጥ አይገባትም። ነገር ግን አደጋው ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ከዓለም አቀፍ የአኦርታ መሰንጠቅ መዝገብ ውስጥ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ስንጥቅ የደረሰባቸውን 29 ሴቶች መረመረ። ከአራቱ የሦስቱ ያህል አኦርታን የሚያደክም ነባር ችግር ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ግማሽ ገደማው ችግሩን ያወቁት ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ሥራችን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ ሊታወቅ ሲችል ያልታወቀው ላይ።

ከእነዚህ ነባር ችግሮች ዋናው የማርፋን ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1896 ጣቶቿና እግሮቿ ከተለመደው በላይ የረዘሙባትን የአምስት ዓመት ሕፃን ፓሪስ ላይ ለባልደረቦቹ ካቀረበው ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከአንቷን ማርፋን ነው። መንስኤው ተያያዥ ሕብረ ሕዋስን የሚያጠነክር ፋይብሪሊን የተባለ ፕሮቲን የሚሠራበት ዘረመል ጉድለት መሆኑ የታወቀው በ1991 ነው። ከአምስት ሺህ ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል፤ ዘርና ቀለም አይለይም። ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከአራት ሕመምተኞች አንዱ ግን ከወላጆቹ ሳይወርስ በእርሱ የሚጀምርበት ነው።

እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ዘርጉልኝ። አውራ ጣታችሁን መዳፋችሁ ላይ አጋድሙና በአራቱ ጣቶች ጨብጡት። የአውራ ጣታችሁ ጫፍ ከነጥፍሩ በትንሿ ጣት ወገን አልፎ ወጥቷል? አሁን ደግሞ በአንዱ እጃችሁ አውራ ጣትና ትንሽ ጣት የሌላውን እጅ አንጓ ክበቡ። ሁለቱ ጣቶች ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ጥፍር ሙሉ በሙሉ ሸፈነ? ሁለቱም ምልክቶች አንድ ላይ የተገኙበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታየት አለበት። ይህ ብቻውን በሽታ አለ ማለት አይደለም። ከዚህ ጋር ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ደረት፣ የተጣመመ አከርካሪ፣ ከቁመት የሚበልጥ ግራና ቀኝ የተዘረጉ እጆች ርዝመት፣ ከባድ የርቀት እይታ ችግር ወይም ከቦታው የተንሸራተተ የዓይን ሌንስ ካለ ግን ጥርጣሬው ይበረታል። እኛ ቁመተ ሎጋ፣ ጣተ አለንጋ እያልን የምናደንቀው መልክ በአብዛኞቹ ጤና ነው። በጥቂቶቹ ግን ውበቱን ስናይ ልቡን ማየት እንረሳለን።

የመርሳቱን ዋጋ በአንዲት ዝነኛ ስፖርተኛ ታሪክ ማየት ይቻላል። አሜሪካዊቷ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን ቁመቷ 1 ሜትር ከ96 ነበር። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ አገኘች። በጥር 1986 ጃፓን ውስጥ በጨዋታ መካከል ተቀይራ ወጥታ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወደቀች፤ በ31 ዓመቷም ሞተች። ነፍሰ ጡር አልነበረችም፤ ታሪኳን የማነሣው ለሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያ የልብ ድካም ገደላት ተባለ። አስከሬኗ ሲመረመር ግን የተሰነጠቀው አኦርታዋ መሆኑና ማርፋን የነበረባት መሆኑ ታወቀ። በዓለም ደረጃ ስትጫወት ኖራ ማንም ያላየላት ነገር ነው። ወንድሟ በዚያው ምክንያት ሲመረመር የእርሱም አኦርታ ታሞ ተገኘና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የእህት ሞት ምክንያት በትክክል መታወቁ ለወንድም ሕይወት ሆነው።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። በእኛ ዘንድ በድንገት የሞተ ወጣት አስከሬኑ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀበራል። ምች መታው ይባላል፤ ቡዳ በላው ይባላል፤ ልቡ ቀጥ አለ ይባላል። ከዓመታት በኋላ እህቱ አዲስ አበባ ወይም ሜሪላንድ ወይም ቴል አቪቭ ላይ አርግዛ ሐኪሟ «በቤተሰብሽ የልብ በሽታ አለ?» ሲላት «የለም» ትላለች፤ የነገራት የለማ። ብዙ ጊዜ ሩቅ አገር ላለ ሰው ሐዘኑ እንዳይከብደው ብለን መርዶውን እናሳጥራለን፤ ዝርዝሩን እንተዋለን። ቤተሰቦች ሆይ፣ በቤታችሁ ከሃምሳ ዓመት በታች ሆኖ በድንገት ያረፈ ሰው ካለ እንዴት እንደሞተ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳመመው፣ መልኩና ቁመቱ እንዴት እንደነበር ለሴት ልጆቻችሁ ንገሯቸው። ይህ ወሬ አይደለም፤ የጤና መዝገባቸው ነው።

ከማርፋን ሌላ መታወቅ የሚገባቸውን በአጭሩ ልጥቀስ። በ2005 የተለየው ሎይስ ዲትዝ የተባለው ሕመም ቧንቧውን ገና ብዙ ሳይሰፋ ሊሰነጥቀው ይችላል። ከምልክቶቹ አንዱ ለሁለት የተከፈለ እንጥል ነው። በሕፃንነቱ እንጥሉ በባህላዊ መንገድ የተቆረጠበት ሰው ላይ ይህ ምልክት አይገኝም፤ ስለዚህ ባለሙያው እንጥሉን ሲያጣው «ተቆርጦ ነው ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ሌሎቹን ምልክቶችም ሊፈልግ ይገባዋል። ኤህለርስ ዳንሎስ የሚባለው ሕመም የደም ቧንቧን የሚያጠቃው ዓይነት ቆዳን የሚያሳሳ፣ በትንሽ ግጭት የሚያበልዝ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ቧንቧንም ማኅፀንንም ሊቀድ ይችላል። ተርነር ሲንድረም ያለባቸው ሴቶች ቁመታቸው አጭር ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያረግዙት በሌላ ሴት እንቁላል በሕክምና ርዳታ ነው። ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ለሌላ ሴት ልክ የሆነ የአኦርታ ስፋት ለእነርሱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ ከሰውነታቸው መጠን ጋር ይሰላል። ከመቶ ሰዎች አንድ ወይም ሁለቱ ደግሞ ሦስት ቅጠል ሊኖረው የሚገባው የአኦርታ ቫልቭ በሁለት ቅጠል ተፈጥሮባቸዋል፤ ከእነዚህ በከፊሉ ቧንቧው ይሰፋል። በ1908 ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ የገለጸው የደም ቧንቧ ብግነትም በተለይ ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ የአንድ እጅ የልብ ትርታ መድከም ወይም መጥፋት አንዱ ምልክቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ላይ የደም ግፊት ሲጨመር እሳት ላይ ነዳጅ ይሆናል። የእርግዝና ደም ግፊትን በወጉ መለካትና ማከም የአንጎል ደም መፍሰስን፣ መንቀጥቀጥን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይከላከላል።

እንግዲህ አስቀድሞ ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው? ዋናው መሣሪያ ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሴትየዋ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ባለሙያው ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ መሣሪያውን በደረቷ ግራ በኩል በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያስጠጋል። ስክሪኑ ላይ ልቧ ሲጨማደድና ሲፈታ ይታያል፤ ቫልቩ ይከፈታል ይዘጋል፤ ከቫልቩ ከፍ ብሎ የአኦርታው ሥር ይሰፋል። ባለሙያው ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው መስመር ይስልና ቁጥሩን ያነባል፤ 31 ሚሊ ሜትር፣ 38፣ 44። መርፌ የለውም፤ ጨረር የለውም፤ ለፅንሱም ጉዳት የለውም። ያ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በእጇ ሊሰጣት ይገባል፤ ከሚቀጥለው ልኬት ጋር የሚነጻጸረው እርሱ ነውና።

ቁጥሩ ምክር ያስከትላል። ማርፋን ያለባት ሴት አኦርታዋ ከ45 ሚሊ ሜትር ካለፈ አስቀድሞ በቀዶ ጥገና ሳይጠገን እንዳታረግዝ የአውሮፓም የአሜሪካም የልብ ሐኪሞች መመሪያ ይመክራል። ከ40 እስከ 45 ባለው ውስጥ የቤተሰቧ ታሪክ፣ የቁመቷ መጠንና የስፋቱ ፍጥነት ታይቶ ለብቻዋ ይወሰናል። ከ40 በታች ከሆነ አደጋው ያነሰ ነው፤ የለም ግን አይባልም። ባለ ሁለት ቅጠል ቫልቭ ላላት ሴት የአውሮፓው መመሪያ ያስቀመጠው ወሰን 50 ሚሊ ሜትር ነው። የቀዶ ጥገናው ዓይነትም ለእናትነት ለውጥ ያመጣል። የብረት ቫልቭ የተገጠመላት ሴት ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ ይህ መድኃኒት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። የካናዳው ቀዶ ሐኪም ታይሮን ዴቪድ ያስተዋወቀው ዘዴ የሴትየዋን የራሷን ቫልቭ አቆይቶ ቧንቧውን ብቻ ይተካል። ልትወልድ የምትፈልግ ሴት ይህን ጥያቄ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሐኪሟ ማንሣት አለባት። ሥሩ የተተካላትም ብትሆን የቀረው አኦርታ የድሮው ስለሆነ ክትትሏ አይቋረጥም።

በመድኃኒት በኩልም ከእርግዝና በፊት መስተካከል ያለበት አለ። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ለግፊት በብዛት የሚታዘዙ ናቸው፤ ፅንስን ስለሚጎዱ በእርግዝና አይወሰዱም። በራስ ማቆም ግን አይገባም፤ ሐኪሙ የልብ ምትንና ግፊትን በሚያረጋጉ እንደ ሜቶፕሮሎል ወይም ላቤታሎል ባሉት ይተካቸዋል። ሌላም አለ፤ ከፋርማሲ እንደ ቀላል ነገር የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ አኦርታቸው የሰፋ ወይም ማርፋንና ኤህለርስ ዳንሎስ ላለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ ካልጠፋ በቀር እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል።

አደጋው የታወቀባት ሴት ስታረግዝ ከየወሩ እስከ በየሦስት ወሩ ኢኮ ትታያለች፤ ምን ያህል ቶሎ ቶሎ እንደሆነ ስፋቱ ይወስነዋል። የመውለጃ ቦታዋ አስቀድሞ ይመረጣል፤ ቢቻል የልብ ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ሆስፒታል ወይም ለዚያ ቅርብ የሆነ። አኦርታዋ ከ40 ሚሊ ሜትር በታች የሆነች ማርፋን ያለባት ሴት ሕመሟ በማደንዘዣ ተቀንሶላት፣ ማማጡ አጥሮላት በምጥ መውለድ ትችላለች። ከ45 በላይ ለሆነባት በቀዶ ጥገና መውለድ ይመረጣል። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው ኤርጎሜትሪን ግፊትን በድንገት ስለሚሰቅል ለእርሷ አይሰጥም። የክትትል ካርዷ ላይ በጉልህ ሊጻፍላት ይገባል።

አሁን ወደ አራስ ቤት እንግባ። እናት በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን እንገባለን። ገንፎው ይገነፋል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሕፃኑ ይታቀፋል። ሁላችንም እፎይ እንላለን። ለዚህች አንዲት አደጋ ግን እፎይታው ገና ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የሚደርሰው የአኦርታ መሰንጠቅ ብዙ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2019 ማርፋን ባለባቸው አይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ከማጥባት ጋር የሚጨምረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን የአኦርታቸውን ግድግዳ የሚጎዳ ሂደት እንደሚቀሰቅስ አሳይተዋል። ይህ የአይጥ ጥናት ነው። ጤነኛ እናት ጡቷን እንድትነፍግ ምክንያት አይሆንም፤ የታመመ አኦርታ ያላት ግን ስለ ማጥባት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ትወስን።

የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። በእነዚያ ቀናት መካከል አጠገቧ የምትውለውና የምታድረው ግን እናቷ ናት፤ እህቷ ናት፤ ጎረቤቷ ናት። ስለዚህ ምልክቱን ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፤ በጀመረበት ደቂቃ ከሁሉ የከፋ ነው። እንደሚቀድ፣ እንደሚወጋ ሆኖ ደረት ላይ ወይም በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ይነሣል፤ ወደ ጀርባ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ ሆድ ይሄዳል። ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የእግር መቀዝቀዝ አብሮት ሊመጣ ይችላል። ሁሉም ምልክት በሁሉም ላይ አይታይም።

እንዲህ ያለች እናት «ጨጓራዬ ነው» ልትል ትችላለች። ቤተሰቡ «ብርድ ገባት፣ ውጋት ነው፣ ምች ነው» ሊል ይችላል። እለምናችኋለሁ፤ ጀርባዋን አታሹ፤ ወጌሻ አትጥሩ፤ ዳማከሴ እያሻችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱና በሩ ላይ ለተቀበላችሁ ባለሙያ በግልጽ እንዲህ በሉት፦ «ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ሕመሙ በድንገት ነው የጀመራት፤ ከደረቷ ወደ ጀርባዋ ሄዷል፤ አጎቷ በወጣትነቱ በድንገት ነው የሞተው።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን አቅጣጫ ታስይዛለች።

ለእናንተ ለባለሙያዎቹም የምለው አለኝ። ብሪታንያ ከ1952 ጀምሮ የእያንዳንዷን እናት ሞት በምስጢር እየመረመረች ሪፖርት ታወጣለች። በእነዚያ ሪፖርቶች የልብና የደም ቧንቧ በሽታ ለብዙ ዓመታት ከዋናዎቹ ገዳዮች ተርታ ቆይቷል። የአኦርታ መሰንጠቅን በተመለከተ የሰጡት ምክር ግልጽ ነው፤ እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ ማስታገሻ የሚያስፈልገው የደረት ሕመም የያዛት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ምክንያቱ በምስል ምርመራ ሳይታወቅ አትሸኝም። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ደህና መሆኑ አኦርታው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የደረት ኤክስሬይም እንዲሁ። የደም ግፊቷን በሁለቱም እጆቿ ለኩ፤ የጎላ ልዩነት ካለ ንቁ። ሲቲ ስካን ካስፈለገ ለፅንሱ በመስጋት አትዘግዩ፤ በደረት ምርመራ ለፅንሱ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው፤ የእናቱ ሞት ግን የእርሱም ሞት ሊሆን ይችላል። «በሳንባዋ ደም ረግቶ ይሆናል» ብላችሁ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት አኦርታውን አስቡት፤ ተሰንጥቆ ከሆነ መድኃኒቱ ያጠፋታል። ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሊኖር የሚችልበት ጊዜ ከደረሰ አስቀድሞ ሕፃኑን በቀዶ ጥገና ማውጣት፣ ወዲያውም የእናቱን አኦርታ መጠገን ይቻላል። ስለዚህ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሙ፣ የልብ ሐኪሙ፣ ቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ባለሙያው በአንድ ስልክ ሊገናኙ የሚችሉበት ሥርዓት አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ተስፋ የሌለው ነገር አይደለም። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሰነጠቀ አኦርታ ከሞት ፍርድ አይለይም ነበር። በአሜሪካ ሂዩስተን ቀዶ ሐኪሙ ማይክል ደበኪና ባልደረቦቹ ቀዶ ጥገናውን በስኬት ከሠሩት ቀዳሚዎች ሆኑ። ይኸው ሐኪም በ97 ዓመቱ የራሱ አኦርታ ተሰነጠቀ፤ እርሱ ራሱ ባዳበረው ሕክምና ተርፎ እስከ 99 ዓመቱ ኖረ። የ97 ዓመት ሽማግሌን ያተረፈ ጥበብ የ28 ዓመት እናትን ያተርፋል፤ በሰዓቱ ከደረሰች።

በሰዓቱ መድረስ ግን በአገራችን ትልቁ ችግር መሆኑን እናውቃለን። ሲቲ ስካን ያለው በጥቂት ከተሞች ነው፤ የልብ ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ቦታ ከዚያም ያነሰ ነው። ከገጠር ቀበሌ የተነሣች እናት በአምቡላንስ ስትጓዝ ሰዓቱ ይነጉዳል። ስለዚህ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የማዳን ሥራ ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ላይ የሚሠራው ነው። አዋላጅ ነርሷ ካርድ ስትሞላ ሦስት ጥያቄ ትጨምር። በቤተሰብሽ በወጣትነት በድንገት የሞተ ሰው አለ? ስለ ልብሽ ወይም ስለ ዓይንሽ ሐኪም የነገረሽ ነገር አለ? ከዚህ በፊት በነበረው እርግዝና ግፊት ነበረብሽ? ከዚያም ቀና ብላ ጣቶቿን፣ ደረቷንና አከርካሪዋን ትመልከት፤ የሁለቱንም እጆቿን ትርታ ትዳስስ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ ደቂቃም አይወስድም። ጥርጣሬ ያሳደረችባትን ሴት ለኢኮ ትላክ። ኢኮ የሚያነሡ ሆስፒታሎችም ለእነዚህ እናቶች ወረፋቸውን ያስቀድሙ።

ለባሎችም አንድ ቃል አለኝ። ሚስታችሁ አኦርታዋ መስፋቱ ተነግሯት እርግዝናን እንድታዘገይ ከተመከረች ጫናውን ከእርሷ ላይ አንሡ። አብራችኋት ሐኪሙ ዘንድ ግቡ፤ ስለ እርግዝና መከላከያውም ስለ ቀዶ ጥገናውም አብራችሁ ስሙ። «መቼ ነው የምትወልዱት?» ለሚል ዘመድ መልሱን እናንተ ስጡ። ልጅ የመፈለግ ክብደት በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ምክሩን ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ክቡራን ታዳሚዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከእያንዳንዳችሁ የምሻው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። እናቶች፣ የቤተሰባችሁን ድንገተኛ ሞት ታሪክ ዛሬውኑ ለሴት ልጆቻችሁ ንገሩ። አዋላጆች፣ ሦስቱን ጥያቄዎች ከነገ ጀምራችሁ ጠይቁ። የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ብርቱ የደረት ሕመም ይዟት ለመጣች ነፍሰ ጡርና አራስ ማን ለማን እንደሚደውል በጽሑፍ አስቀምጡ። ክትትላችሁንም እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ አትልቀቁ። እንዲህ ካደረግን በዚህ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር ይቀንሳል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ።